ኮሽ የማይል ማካና

የአክስቴን ባል የገደልኩት በስምንት ዓመቴ ነው። በጨው ነው የገደልኩት። ሰውየው ይኸው ዛሬም አለ፤ ሰባ አምስተኛ ዓመቱን ይዞ ሳማስቲፑር ከተማ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነባል። እኔ ግን በዚያ ክረምት አምስት ቀን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ኖሬያለሁ። እህልም እንቅልፍም እምቢ ብሎኝ ነበር። ለነገሩ እህሉ እንኳ እምቢ አላለኝም። እንቅልፉ ግን ብሎኛል።

አክስቴ ማንዳቪ የአባቴ የመጨረሻ እህት ናት። የተዳረችው በዚያው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ባሏ ዲጋምባር የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። እንደ ወጉ ከሠርጉ በኋላ እኛ ቤት አራት ቀን ተቀመጠና ወደ ሥራው ተመለሰ። በአራቱም ቀን አክስቴ የሳሪዋን ጫፍ እስከ አገጯ ስባ ስለተቀመጠች፣ ከባሏ ያየችው ነገር ቢኖር ጫማውን ነው። አፍንጫውን የሰፈሩ ሴቶች በዘፈን ነግረዋታል። እኛ ጋ ሙሽራን ሳይሰድቡ መዳር ነውር ነው። «አፍንጫው መቅዘፊያ፣ እግሩ የሽመላ» እያሉ ሲዘፍኑበት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ የተቆላ ማካናውን ይቆረጥም ነበር።

አዲስ ሙሽራ የመጀመሪያዋ ክረምት ሲመጣ በእናቷ ቤት አሥራ አራት ቀን ትጸልያለች። በቀን አንዴ ትበላለች፣ ጨው አትቀምስም፣ የምትበላውም ከባሏ ቤት ተልኮ የመጣ ነው። ይሄንን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ያየሁት ሁለት ተሸካሚዎች በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት ቀርከሃ ቅርጫት አንጠልጥለው ግቢያችን ሲገቡ ነው። ከሁሉ ቀድሜ ቅርጫቱ ላይ ተደፋሁ። ሩዝ፣ ሙዝ፣ እርጎ በሸክላ፣ ቀይ አምባር፣ አረንጓዴ ሳሪ። እስከ ታች በረበርኩት።

«አያቴ! ጨው ረስተዋል!»

«አልረሱም። እጅሽን አውጪ።»

«ታዲያ ሰስተው ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ አፍሽ አንድ ቀን መንደር ያቃጥላል!»

በማግስቱ የአክስቴ አማቶች ጨው የሚሰስቱ ንፉጎች መሆናቸውን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር። ምን ላድርግ፣ ወሬ አፌ ውስጥ አያድርም። ሙሉ ስሜ ሱሎቻና ነው፤ አያቴ ግን «የሱሎ ሆድ ወንፊት ነው» እያለች ለእንግዳ ሁሉ ታስተዋውቀኝ ነበር።

በነዚያ ቀናት አያቴ ከሰዓት በኋላ ማካና ትቆላለች፤ ታሪክ ሊሰሙና ሊዘፍኑ ለሚመጡት ሴቶች ነው። ማካና የኩሬ አበባ ፍሬ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ከጭቃ ለቅመው፣ በእሳት አግለው በእንጨት ሲመቱት ከጥቁር ቅርፊቱ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፣ ፈንዲሻን ያስንቃል። ከባለፈው ዓመት የተረፈ አንድ ጆንያ ነበረን። ግን በክረምት አየሩን ይጠጣና ይልሞሰሞሳል፣ ስለዚህ የዕለቱን ለዕለት መቁላት ግድ ነው። ብረት ድስቱ ኩበት እሳት ላይ ይጣዳል፣ የተነጠረ ቅቤ ጠብ ይደረግበታል፣ ከዚያ ማካናው ይገባል። የቀረው ትዕግሥት ነው።

«እሳት አታብዢ!» ትለኛለች አያቴ። «ላዩ አርሮ ሆዱ ጥሬ ይቀራል፣ ልክ እንዳባትሽ።»

ማማሰል የኔ ሥራ ነው፤ መፍረድ የሷ። አንዱን ታነሳና በሁለት ጣቷ መሃል ትጫነዋለች። እንደ ጆሮ ከታጠፈ አልደረሰም። ኮሽ ብሎ ዱቄት ከሆነ ደርሷል። ከእሳት ካወረደችው በኋላ ነው ጨው፣ እርድ፣ የተቆላ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ የምትነሰንስበት፤ እሳቱ ላይ እያለ ከሆነ ቅመሙ ያርና ይመራል። ያኔ ድስቱን በጨርቅ ይዤ እወዘውዘዋለሁ። ሽታው ዝናቡን አቋርጦ ጎረቤት ይደርስ ነበር፤ ለሴቶቹ ሌላ ጥሪ አያስፈልጋቸውም።

በሁለተኛው ቀን አክስቴ በመስኮት ጠራችኝ።

«ሱሎ፣ ከእናቴ ማካና ትንሽ አምጪልኝ።»

«የሚበላ?»

«አይ፣ የሚለበስ! ትልልቆቹን ምረጪ። ቁንዶ በርበሬ የበዛባቸውን። ደግሞ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ጨው አለበት እኮ፤ አያቴ ጨው አትስጧት ብላለች።»

«አውቃለሁ። ሂጂ።»

ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አንጀቴን በላችው። ረሃብ ነው አልኩ፤ ያንን ንፉግ የአማት ምግብ እየበላች ምስኪን አክስቴ ልትሞትብን ነው። ሁለት እፍኝ በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ አመጣሁላት። ተቀብላ አስቀመጠችው እንጂ አልበላችም። «በኋላ» አለችኝና በሩን ዘጋችብኝ። አፍራ ነው ብዬ ተረዳሁላት። ዛሬ እኔም አግብቼ፣ ባሌ ለሥራ ሩቅ ሀገር ሄዶ ስጠብቅ ኖሬ፣ ዓይን በረሃብ ብቻ እንደማይቀላ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። አያቴ ድስቱን እያየች «የዛሬ ልጅ ሆዷ ኩሬ ነው!» ትላለች፤ እኔ ደግሞ የሌላ ሰው ኃጢአት ተሸክሜ ዝም። በሕይወቴ የያዝኩት የመጀመሪያው ምስጢር ስለነበር ሆዴን ያሳክከኝ ነበር። ቢሆንም ያዝኩት። እንደውም ኮራሁበት።

በዘጠነኛው ቀን ጉድ ፈላ። ታሪክ ነጋሪዋ እትዬ ባሳንቲ ነበሩ፤ ድምፃቸው የወንድ፣ ወገባቸው የጎተራ። የእባቦቹን እመቤት ታሪክ ከነገሩ በኋላ ማካናቸውን እየቆረጠሙ እንዲህ አሉ።

«ሙሽራ በጾሟ ጨው ከቀመሰች፣ ያ ጨው የባሏን ዕድሜ ይበላዋል። ጨው ብረት ሲበላ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ድንገት ስብር!»

ቆጠርኩ። ስምንት ቀን፣ በቀን ሁለት እፍኝ። ዲጋምባር ብረት ቢሆን እንኳ እስካሁን ሚስማር ሆኗል።

ካደግሁ በኋላ እትዬ ባሳንቲን ጠይቄያቸው፣ «የጨዉን ነገር ከራሴ ነው የጨመርኩት» ብለው ሳቁብኝ። በዚያ ቀን ምራታቸው ከፊታቸው ተቀምጣ ነበር አሉ፤ እሷን ደግሞ በሙሽርነቷ ጊዜ ጨው ያለው ዱባ ስትበላ ይዘዋታል። ነገሩ ለሷ የተወረወረ ነበር። የመታው ግን እኔን ነው።

በማግስቱ መላ ዘየድኩ። አያቴ ቅመሙን ሳትነሰንስ ከድስቱ ዘግኜ፣ ነጩን ማካና ለአክስቴ ይዤ ሄድኩ። አየት አደረገችውና ከንፈሯን ጣለች።

«ምነው ነጣ? ይሄ የበሽተኛ ምግብ ነው።»

«ጨው ጥሩ አይደለም» አልኳት።

«ለማን?»

ማካናውን ወደሷ ዘረጋሁላት።

«ይሄንን ራስሽ ብዪው። ነገ የተቀመመውን አምጪ፣ እሺ የኔ ቆንጆ? አራት ቀን ብቻ ነው የቀረን።»

አራት ቀን ብቻ! እትዬ ባሳንቲ ሲናገሩ አክስቴም እዚያው ነበረች፣ ሰምታለች። ሰምታ ጨው ጠየቀች ማለት ነው። ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ አክስቴ ባሏን ልትገድለው ፈልጋለች። ምክንያቷም አልጠፋኝም፤ አንደኛ ቤተሰቦቹ ንፉጎች ናቸው፣ ሁለተኛ አፍንጫው መቅዘፊያ ነው። ፈራኋት። ፈርቻትም ማካናውን ማመላለሴን አላቆምኩም፤ እምቢ ብላት እኔንም በጨው ትገድለኛለች ብዬ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዝናቡ ያዘና አልለቀቀም። የካማላ ወንዝ ሞልቶ ሩዝ ማሳው ላይ ተኛበት። በአሥራ አራተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ባል መጥቶ ከሙሽራዋ ጎን ካልተቀመጠ ጸሎቱ አይዘጋም። አባቴ የዚያን ቀን ጠዋት አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ሄዶ እስከ ጭኑ በስብሶ ተመለሰ።

«ድልድዩ ሄዷል» አለ። «አውቶቡስም የለም፣ ወሬም የለም።»

አክስቴ አረንጓዴውን ሳሪ ለብሳ፣ አምባሯን አጥልቃ ተቀምጣ ነበር። ቀና አላለችም። ሴቶቹ አሥራ አንድ ሆነው መጥተው ግድግዳ ሥር ተደረደሩ፤ የሚዘፍን ግን የለም። አያቴ ማካናዋን ልትቆላ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ከማድ ቤት የማረር ሽታ መጣ። አያቴ ማካና ስታሳርር ሰው አይቶ አያውቅም።

«ከመሸ ምን ይደረጋል?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

እትዬ ባሳንቲ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። «ውሃ እኮ ሰው ይወስዳል» አሉ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። መሃል ወለሉ ላይ ቆሜ ለቀቅሁት።

«አይመጣም! ሞቷል! እኔ ነኝ የገደልኩት!» ለቅሶዬን መሃል ላይ መለስ እያደረግሁ ቀጠልኩ። «አክስቴን ጨው አበላኋት! በየቀኑ! ሁለት እፍኝ! እሷ ናት አምጪ ያለችኝ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አያቴ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ማንዳቪ» አለች አያቴ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ይቺ ልጅ የምትለው ምንድነው?»

አክስቴ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ነገሩ የተገለጠባት ወንጀለኛ መሰለችኝ። ምን እያመዛዘነች እንደነበር የገባኝ ካገባሁ በኋላ ነው። ዝም ካለች ጾም አፍራሽ ናት፤ ወሬው ውሃው ሳይጎድል ባሏ ቤት ይደርሳል፣ የአያቴም አንገት እንደተሰበረ ይቀራል። ከተናገረች ደግሞ አሥራ አንድ ሴቶች ዘፈናቸውን ጉሮሯቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቋታል። በኛ ዘመን ሙሽራ የባሏን ስም እንኳ አትጠራም። ናፍቆኛል፣ የሚወደውን አስቀምጬለታለሁ ማለትማ ራቁት ገበያ እንደመውጣት ነበር። እናቷን «ቁይለት» ብላ መጠየቅ ያልቻለችውም ለዚሁ ነው። ለሆዷ ብላ ሳይሆን አፍራ ነው በኔ በኩል የዞረችው፤ እኔ ደግሞ ሆዳም ነበር ያደረግኋት።

ተነሳች። አልጋዋ ሥር ገብታ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ጎትታ አወጣችና መሃላችን አስቀምጣ ከፈተችው። እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ትልልቆቹ፣ ቁንዶ በርበሬ የበዛባቸው፣ የአሥራ ሁለት ቀን ሌብነቴ በሙሉ።

«አንድም አልቀመስኩም» አለች።

«ታዲያ ለማን ነው?» አሉ እትዬ ባሳንቲ። ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ከአፏ ሊሰሙት ፈልገው ነው እንጂ።

«ለ… ለሰውየው።»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«በሠርጉ ጊዜ… ማካና ይበላ ለነበረው» አለችና ሳሪዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ቤቱ ፈነዳ! ሴቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ፤ አንዷ ሳቋ እንባ ሆኖባት አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። አያቴ ማማሰያውን ጥላ የኔን ጆሮ ያዘች፤ ጠምዝዛም ሳመችኝ። እትዬ ባሳንቲ ጭናቸውን እየመቱ እዚያው በዚያው ገጠሙባት።

«ጾመኛ ናት ብለን ጨው ብንከለክላት፣
ባሏን በቆርቆሮ ደብቃ አገኘናት!»

ሌሎቹ ተቀበሉ፦

«እናቷ ብትቆላ ልጅቷ ሰረቀች፣
ለባለ መቅዘፊያው ስንቅ አስቀመጠች!»

የሚገርመው እኔን ያጽናናኝ ሰው የለም። እኔ ዘንድ ሰውየው አሁንም ሙት ነው። ጨዉን ካልበላችው ማን ገደለው እያልኩ ሳስብ፣ ከማሳው በኩል ጩኸት ተሰማ። አባቴ ሮጠ። ዓሣ አጥማጆች በጠባብ ጀልባ ሰው ጭነው በሩዛችን ላይ እየቀዘፉ ይመጣሉ። ሰውየው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል፣ ጫማውን በእጁ ይዟል፣ ጃንጥላው ተገልብጦ የሞተ ቁራ መስሏል። ሴቶቹ ዘፈኑን አላቋረጡም፤ ጭራሽ አስጮሁት። ዲጋምባር ስለ ቆርቆሮና ስለ መቅዘፊያ እየተዘፈነለት፣ ምኑም ሳይገባው ግቢያችን ገባ።

ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩና እግሩን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

«ሞተዋል?» አልኩት፣ በአክብሮት።

ከላይ ወደ ታች አየኝ። «ገና ነኝ» አለ። «ርቦኛል ግን።»

ጸሎቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተዘጋ። ከዚያ አያቴ ቆርቆሮውን ገፋ አድርጋ «በይ እንግዲህ፣ ያስቀመጥሽለትን ራስሽ ስጪው» አለቻት። አክስቴ በሳህን ዘገነችና፣ ሳሪዋን እስከ አገጯ እንደሳበች፣ በሁለት እጇ አቀረበችለት። አሥራ አንዱ ሴቶች ጆሯቸውን ጣሉ።

አንዱን አንስቶ ጎረሰ። ምንም አልተሰማም። አኘከ። አሁንም ምንም። ደጋግሞ አኘከ፣ መንጋጋው ላይ ያለው ሥር ይነሳል ይወድቃል። ምን እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ቆርቆሮው እንደተከፈተ አንዱን በጣቴ ተጭኜው እንደ ጆሮ ታጥፎ ነበር። የክረምቱ አየር በክዳኑ ሥር ገብቶ አሥራ ሁለት ቀን ጠጥቶታል። አያቴም አውቃለች፣ ሴቶቹም አውቀዋል። በዚያ ቤት ውስጥ የማታውቀው አንድ ሰው ብቻ ናት፣ ጾመኛዋ። እሷ አንድም አልቀመሰችማ።

«ለስልሷል» ልል አፌን ስከፍት የአያቴ መዳፍ ገጥሞ ዘጋኝ።

ዝምታው ሲረዝምባት አክስቴ አላስቻላትም። የሳሪዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ አነሳችና አየችው። ጫማውን አይደለም፣ ፊቱን። እሱም አያት። ዋጠ።

«ኮሽ ይላል» አለ።

ሳህኑን ጨረሰው፤ አንዲት ፍሬ አላስቀረም። ከዚያ አክስቴ ጾሟን ስትፈታ አያቴ ከዚያው ቆርቆሮ አንድ ፍሬ በመዳፏ አኖረችላት፣ የአሥራ አራት ቀን የመጀመሪያ ጨው። አክስቴ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ቆም አለች። ቀስ ብላ ወደሱ ዞረች። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ከሳሪዋ ሥር ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ቁንዶ በርበሬው አስለቀሳት ብዬ ውሃ ላመጣ ሮጥኩ።

ለቅሶ እንዳልነበር የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። «እየሳቅሁ ነበር» አለችኝ። «ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሲዋሽልኝ ነው። ግን ለሱ እንዳትነግሪው፣ ማወቄን አያውቅም።»

እሱ ደግሞ ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ሄጄ በረንዳው ላይ ሹክ አለኝ። ጥርሱ አልቋል። አክስቴ አሁንም በየቀኑ ትቆላለታለች፤ እሱ ደግሞ ጉንጩ ውስጥ እስኪለሰልስ ይጠብቅና በድዱ ይውጠዋል።

«ያ የጎርፉ ቀን ማካና ትዝ ይልሻል?» አለኝ። «የራሰ ጥጥ ነበር፣ ልጄ። የባቡር ጣቢያ ፍራሽ እንኳ እንደዚያ አይታኘክም። ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን ልበል? ለሷ እንዳትነግሪያት አደራ።»

ሆዷ ወንፊት የተባለችው ሱሎ እንግዲህ የሁለቱንም ይዛለች። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለልጆቼም አልነገርኩም። ለናንተ የነገርኳችሁ መንገደኛ ናችሁ፣ ታልፋላችሁ ብዬ ነው፤ እነሱ ጆሮ እንዳይደርስ ብቻ።

እሱና እኔ በዚያው በረንዳ ላይ ሳለን ከማድ ቤት የአክስቴ ድምፅ መጣ፣ «ዛሬስ እንዴት ነው?» እያለች።

ማካናው ጉንጩ ውስጥ ነበር፣ ገና አልለሰለሰም። ጥርስ በሌለው አፉ ፈገግ ብሎ ጮኸላት።

«ኮሽ ይላል!»

አክስቴ በበሩ ብቅ ብላ እሱን አየችው፣ ከዚያ እኔን። እሱም ዞሮ እኔን አየኝ። እፍኝ ሙሉ ማካና አነሳሁና አፌን ሞላሁት።